የአፈር እርሾ

ሰውየውን መጀመሪያ ያየችው ከችግኝ ጣቢያው አጥር ውጭ ተንበርክኮ ሣር ሲነቅል ነው። ሌባ መሰላት። ሣር የሚሰርቅ ሌባ ግን በዕድሜዋ አጋጥሟት ስለማያውቅ፣ የውሃ ማጠጫውን ጎማ እንደያዘች ቆማ ተመለከተችው። ሣሩን በትንሽ አካፋ ከነሥሩ ያወጣል፤ አፈሩን ቀስ አድርጎ ያራግፋል፤ ከዚያ ሥሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ የልጁን አዲስ ጥርስ እንደሚያይ አባት፣ አፍጥጦ ያየዋል። አይቶ ሲጠግብ በላስቲክ ከረጢት ይከተውና ላዩ ላይ ቁጥር ይጽፋል።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለችው በመጨረሻ።

ደንግጦ ቀና አለ። ጉልበቱም ግንባሩም ጭቃ ነክቶታል። «ምንም አልጠፋብኝም» አላት። «የምፈልገው እዚሁ ያለ ነገር ነው። ብቻ በዓይን አይታይም።»

ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልቀለደም ነበር። እንደማይቀልድ ስታይ ጎማውን አስቀምጣ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። እንዲህ ነው የተገናኙት።

ልጅቱን የሚያውቃት ሁሉ «ጣቴ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ዓመት፣ የሽንኩርት ዘር ቆንጥረው በመደብ ላይ መዝራት ሲያቅታቸው፣ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራ የነበረችው ልጃቸው ሥራዋን ትታ መጣች። ማንም አልለመናትም። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጣቴ አንቺ ነሽ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። እኛም በዚሁ እንጥራት።

አባትየውም ቢሆኑ ቅጽል ስም አላቸው። «አፈር ቀቃዩ» ይባላሉ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሥር የሚያበሰብስ ሻጋታ ገብቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያላቸውን ችግኝ በሙሉ ጨርሶባቸው ነበር። የዚያን ዓመት ሐዘን ጣቴ በልጅ ዓይኗ አይታዋለች፤ አባቷ በባዶዎቹ መደቦች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ አካፋ አፈር እንኳ በትልቁ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት ሳይቀቀል ዘር አይነካውም። ከእሳቸው ቤት የወጣ አፈር ሕፃን ቢቅመው ሆዱን አያመውም ይባል ነበር።

ችግኞቹም ያምሩ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ከጣቢያው ከወጡ በኋላ ነው። ገበሬዎቹ ማሳ ላይ ሲተከሉና ፀሐይ ትንሽ ጠንከር ስትል አንገታቸውን ይደፋሉ። የሽንኩርት ገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት፣ አንድ ቀን ለአባትየው ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «ችግኞችዎ የቤት ልጆች ናቸው። ደጅ ሲወጡ ያለቅሳሉ» አለቻቸው። በሚቀጥለው ወቅትም እንዲሁ ከሆነ ማኅበሩ ፊቱን ወደ ሌላ ጣቢያ እንደሚያዞር ጨምራ ተናገረች። አባትየው ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

እናም ጣቴ የሣር ሌባዋን ጆሮዋን ሰጥታ ያዳመጠችው በከንቱ አልነበረም።

ሰውየው ከከተማው የአፈር ምርምር ተቋም የመጣ ባለሙያ ነበር። አጥሩን ተደግፎ ያስረዳት ነገር ይህ ነው። በአብዛኛው ተክል ሥር ውስጥ የሚኖር፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር ያለው ፈንገስ አለ፤ ማይኮራይዛ ይሉታል። የተክል ሥር እጁ አጭር ነው። ፎስፈረስ የሚባለው ምግብ ደግሞ አፈር ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ራሱ ወደ ሥሩ አይመጣም፤ ተክሉ አጠገቡ ያለውን ይጨርስና ጎተራ ደጃፍ ተቀምጦ ይራባል። ክሩ ግን ከሥሩ ግማሽ ስንዝር ያህል አልፎ ይሄዳል፤ ሥር በማይገባበት ቀዳዳ ይገባል፤ ፎስፈረሱንም፣ ውሃውንም እየለቀመ ያመጣል። ተክሉ በፋንታው ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ ወፍራምና ፀጉር አልባ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ይህን ወዳጅ ይፈልጋል።

«እኛ ግን አፈሩን እንቀቅለዋለን» አለች ጣቴ።

«ሲቀቀል ጠላቱም ወዳጁም አብሮ ይሞታል» አለ።

ጣቴ ያን ምሽት ነገሩን ለአባቷ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሻጋታ ሲዋጉ ኖረው፣ አሁን ሻጋታን በእንግድነት ይቀበሉ ዘንድ እንደሆነ ጠየቋት። ሰውየውንም ሳያዩት «ሻጋታው» ብለው ስም አወጡለት። ሆኖም የሊቀመንበሯ ንግግር ከሆዳቸው አልወጣም ነበርና፣ ከብዙ ልመና በኋላ በጣቢያው ጥግ ላይ አርባ ሣጥን ችግኝ ፈቀዱለት። ሃያው በእርሱ መንገድ፣ ሃያው በእሳቸው። ከመስመሩ ያለፈ እንደሆነ በርሜሉ ውስጥ አብረው እንደሚቀቅሉት በቁም ነገር አስጠነቀቁት። ሻጋታውም በቁም ነገር «እሺ ጋሼ» አላቸው።

በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ይመጣ ጀመር። ከተቋሙ ያመጣው ነገር በማሰሮ ያደገ የበቆሎ ሥር ነበር። ሥሩን ከነአፈሩ ከትፎ ከችግኙ አፈር ጋር ይቀላቅለዋል። ጣቴ መጀመሪያ ስታየው «ይሄማ እርሾ ነው» አለች። ቃሉን ወደደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማስታወሻው ላይ ሳይቀር «እርሾ» እያለ ይጽፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፑን ተሸክሞ መጣና የእናቷ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ቀጭን የበቆሎ ሥር ቀቅሎ አነጣው፤ ከዚያ በኮምጣጤ በተበጠበጠ ሰማያዊ የብዕር ቀለም ነከረው። እናቷ ልብስ እየጠቀመች አፍንጫዋን ሰበሰበችና፣ ምርምር ነው ወይስ ሰላጣ ብላ ጠየቀችው። ሁለቱም ይሆናል ብሎ መለሰላት፤ እናትየው ያን ቀን ልቧ ራራለት።

ጣቴ ጎንበስ ብላ ዓይኗን መነጽሩ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። እሱ ጎኗ ቆሞ ቀስ እያለ አዞረላት። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ እንደያዘው ታወቃት።

«ምን ይታይዎታል?» አላት።

በሥሩ ውስጥ፣ እንደ ጡብ በተደረደሩት ክፍሎች መካከል፣ ሰማያዊ ነገር ቆሞ ነበር። ግንድ አለው። ግንዱ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ከዚያም እየሳሳ እየሳሳ እንደ ጭጋግ ይሆናል። ክፍሉን በሙሉ ሞልቶታል፤ ግን አልቀደደውም።

«ዛፍ» አለች በሹክሹክታ። «እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንዳንድ ዛፍ።»

«ልውውጡ እዚያ ነው» አለ። «ፎስፈረሱ በዚያ ይገባል፤ ስኳሩ በዚያ ይወጣል። ጥቂት ቀን ይቆይና ዛፉ ይፈርሳል። ከዚያ ሌላ ይበቅላል።»

ቀና ስትል ፊቱ ከፊቷ ብዙ አልራቀም ነበር። ከጀርባቸው የእናቷ የስፌት መኪና ድምፅ አቋርጦ ነበርና ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሣ።

አንድ ነገር ለማለት ያህል፣ ይህ ወዳጅ በሁሉም ተክል ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉም እንደማይቀበለው፣ ለምሳሌ ጎመንና ዘመዶቹ ጭራሽ እንደማያስገቡት ነገራት። ጣቴም በደንብ አሰበችበትና፣ አባቷ ጎመን መሆን አለባቸው አለች። ሻጋታው ሲስቅ የሰማችው ያኔ ነው። ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ነበር።

ጣቴ በሰው ቶሎ የምትደነቅ አልነበረችም። በመድኃኒት ቤት ሳለች የሁሉን ነገር መልስ የሚያውቁ ወንዶች ሲበዙባት ኖራለች። ይሄኛው ግን የማያውቀውን ሲጠየቅ «አላውቅም» ይል ነበር፤ ሳያፍር፣ ሳይንተባተብ። የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደግሞ ከሚያውቀው አንድ ጣት አያልፍም። ሠራተኞቹ እርሾው ሽንኩርቱን የዱባ ያህል ያሳድገው እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ያን ያህል አያሳድገውም፣ ምናልባት ድርቅ ቢመጣ ትንሽ ቆይቶ ይሞታል አላቸው። ሳቁበት። እሷ ግን በዚያች «ምናልባት» ውስጥ ሌላ ሰው በመሐላ ከሚሰጠው የበለጠ እምነት አገኘች።

በአምስተኛው ሳምንት ነገሩ መበላሸት ጀመረ።

የአባቷ ሃያ ሣጥን በማዳበሪያ ጠግቦ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ሻጋታው ማዳበሪያ እንዳይሰጣቸው ያዘዘባቸው የእርሾዎቹ ግን ቀጭንና ገርጣ ያሉ ነበሩ። ሻጋታው አልተጨነቀም፤ ፈንገሱ ገና ቤት እየሠራ ስለሆነ ተክሉ ስኳሩን ለእርሱ እያካፈለ ነው፣ በኋላ ይካሳል ብሎ አስረዳ። ማን ይሰማዋል። ሠራተኞቹ ሣጥኖቹን «የሕሙማን ክፍል» ብለው ጠሯቸው። አንዱ ከላያቸው ላይ እንደ ሐኪም ጎንበስ እያለ የልብ ምት ያዳምጣል። አባቷም ባለፉ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሊቀመንበሯ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልታይ እንደምትመጣ ላከች።

ጣቴ አንጀቷ አልቻለም። አንድ ማለዳ ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ በማጠጫው ባልዲ ውስጥ ማዳበሪያ በጠበጠችና ሃያዎቹን ሣጥኖች አጠጣች። ከአራት ቀን በኋላ ደገመች። ከዚያም ሠለሰች። ችግኞቹ ቀና አሉ፤ አረንጓዴያቸው ጠቆረ፤ የሕሙማን ክፍሉ ቀልድ ቀረ። ሻጋታው መጥቶ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ያን ብርሃን ስታይ ደስም አላት፣ ፈራችም።

ሊቀመንበሯ በመጣችበት ቀን ማይክሮስኮፑን አውጥቶ የሽንኩርቱን ሥር በሁሉም ፊት አየ። አንዱን መስታወት አየ፤ ለወጠ። ሁለተኛውን አየ። አርባኛው መስታወት አካባቢ ሳይደርስ አልቀረም። ዛፎቹ የሉም ነበር። እዚህና እዚያ የተሰበረ ክር ብቻ።

ቀና ብሎ «አልያዘም» አለ። «ምክንያቱን አላውቅም።»

ሰበብ አልፈለገም፤ እርሾው አርጅቶ ይሆናል፣ ሙቀቱ ይሆናል አላለም። ሊቀመንበሯ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ አመራች። ያስገረሙት ግን አባቷ ነበሩ። አልሳቁም። ሰው በሠራው ሥራ ፊት ባዶ እጁን ሲቆም እንዴት እንደሚሆን ያውቁታልና ዞር ብለው በርሜላቸውን መጎርጎር ያዙ።

በማግሥቱ ዕቃውን ሊሰበስብ መጣ። ጣቴ መሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ድረስ ተከተለችውና በሩ ላይ ቆመች።

«ማዳበሪያ ሰጥቻቸዋለሁ» አለች።

ሣጥኑን እንደያዘ ቆመ።

«ሦስት ጊዜ። ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይኖር።»

«ለምን?»

«ሲስቁብህ ማየት አልቻልኩም።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ያን ሁሉ ወር «እርስዎ» ሲባባሉ ኖረው፣ «ሲስቁብዎት» ማለት ሲገባት «ሲስቁብህ» አለች። እሱም ሰማው።

ከዚያ ሣጥኑን አስቀመጠና ማስታወሻውን አወጣ። ስንት ማንኪያ እንደበጠበጠች፣ በስንት ሊትር፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። እየጻፈ ሳለ የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ። ትንሽ አየውና ማስታወሻውን ዘጋ፤ ሣጥኑን አንሥቶ ወጣ። ደህና ዋይ እንኳ አላለም።

አሥራ ሁለት ቀን አልመጣም።

ጣቴ ነገሩን ለአባቷም ለእናቷም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አባቷ ወደ በርሜላቸው ተመለሱ። እናቷ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ልጅቷ አንዱን ሣጥን ሁለቴ ስታጠጣ አይታ፣ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ወንድ ዝም ሲል ሁልጊዜ ተቆጥቶ አይደለም» አለቻት። «አንዳንዱ እያሰበ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማሰብ አቅቶት ነው። ይሄ የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ ግን ሽንኩርቱን አታስምጪው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከተቋሙ ደብዳቤ መጣ። ሙከራው መዘጋቱንና ለሁለተኛ ዙር የተያዘ በጀት አለመኖሩን ይገልጻል። ከሥሩ የሻጋታው ሪፖርት ግልባጭ ተያይዞ ነበር። አባቷ መነጽራቸውን አጥልቀው በወረቀቱ መንቀጥቀጥ እየተናደዱ ጮክ ብለው አነበቡት። በሙከራው ላይ ማዳበሪያ ተጨምሯል ይላል። ችግኞቹን ለሚንከባከቡት ሰዎች ማዳበሪያ የማይሰጥበትን ምክንያት በበቂ ሁኔታ ስላላስረዳሁ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። የማንም ስም የለም። በመጨረሻም፣ ፎስፈረስ የጠገበ ሽንኩርት ለፈንገሱ በሩን እንደሚዘጋ በዚህ አጋጣሚ በግልጽ ስለታየ፣ ሥራው ፍጹም ከንቱ አልሆነም ይላል።

አባትየው እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ከዚያ አጣጠፉት።

«ይሄ ሰው» አሉ፣ «መዋሸት ባያውቅም ሳይዋሽ ሰው ማዳን ያውቃል።» ቆየት ብለውም፣ «በእኔ ቤት የተበላሸ በእኔ ቤት ይስተካከላል። ስልኩን ደውዪና ስጪኝ» አሏት።

ደወለችና ሰጠቻቸው። የተናገሩት ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ሻጋታው፣ ና።»

ያንኑ ቀን ከሰዓት መጣ። ጣቴ ከመደቦቹ መካከል ነበረች። አጠገቧ መጥቶ ቆመና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ተቆጥተሃል መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ተቆጥቼ ነበር። አንድ ቀን ተኩል ያህል» አላት። «የቀረውን ግን ስምሽን ሳልጽፍ እውነቱን እንዴት እንደምጽፍ ሳስብ ነው የፈጀሁት።»

ስምሽን፣ አላት። «ስምዎን» አላለም።

ሁለተኛው ሙከራ በተቋሙ ገንዘብ አልነበረም፤ ሻጋታው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መጣ። ዘዴውን ያመጡት ደግሞ አባትየው ናቸው። በርሜሉ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ ቅቀላውን እንደማይተዉ፣ እርሾውም እንዲገባ ተናገሩ። ቤት የሚጠረገው ባዶውን እንዲያድር አይደለም አሉ፤ መጀመሪያ ክፉውን በእንፋሎት እናስወጣና፣ አፈሩ ሲበርድ ደጉን በእጃችን እናስገባዋለን። ሻጋታው ይህን ሲሰማ እንደ ተማሪ ጻፈው። ጋሼን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፤ አፈሩ በስንት ሰዓት እንደሚበርድ።

የጣቴ ድርሻ ግን ከሁሉም ይከብድ ነበር። ዝም ማለት ነው። ችግኞቹ በአምስተኛው ሳምንት እንደገና ገረጡ። በየማለዳው አጠገባቸው ትቆማለች፣ የማዳበሪያው ከረጢት አምስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። የሚወዱትን ነገር ሲቸገር እያዩ እጅ መሰብሰብ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ያኔ ተማረች። በስምንተኛው ሳምንት ሥሩን አብረው ነክረው አዩ። መስታወቱን እሷ አስተካከለች። ዛፎቹ ነበሩ፤ ሞልተው። መነጽሩን ለእሱ ስትለቅለት፣ ሳያይ አስቀድሞ ከፊቷ አነበበው።

ሊቀመንበሯ፣ በቀልድ እያጀበች፣ ከማሳዋ ላይ ቦታ ሰጠቻቸው። አንድ መስመር ያለ እርሾ፣ አንድ መስመር ባለ እርሾ፣ እየተፈራረቀ ተተከለ። ሁለቱም እኩል ውሃ አገኙ። አንድ ወር ተኩል ያህል ያን ያህል የሚያስደንቅ ልዩነት አልታየም።

ከዚያ ሽንኩርቱ ራስ ማበጀት በጀመረበት ሰሞን የመስኖው ቦይ ግድግዳ ተደረመሰ። ጥገናው አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰማይም ከምድርም ጠብ ያለ ነገር የለም። ገበሬዎቹ በየማሳቸው ዳር ቆመው ወደ ቦዩ ማየት ሥራቸው ሆነ።

በአሥረኛው ቀን ሊቀመንበሯ ራሷ ወደ ጣቢያው መጣች። አልቀለደችም። «ኑና እዩ» ብቻ አለች።

ሁሉም ሄዱ፤ እናቷም ጭምር። ማሳው እንደ ተሰመረ ጨርቅ ሆኖ ነበር። ያለ እርሾ የተተከሉት መስመሮች ጫፋቸው ነዶ መሬት ላይ ተኝተዋል። በመካከላቸው ያሉት ቆመዋል። ደከም ብለዋል፣ ቅጠላቸው ትንሽ ጠወለግ ብሏል፤ ግን ቆመዋል። አባቷ ተንበርክከው ከቆሙት አንዱን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ነቀሉ። አፈሩ እንደ እጅጌ ሥሩን አቅፎ አብሮ ወጣ። አራገፉት፤ አለቀቀም። ከተኙት አንዱን ነቀሉ፤ ሥሩ ራቁቱን ነበር።

«ክሮቹ ናቸው የያዙት» አለ ሻጋታው ቀስ ብሎ።

አባትየው ያን ሽንኩርት በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ቤት ይዘውት ሄዱና በማይክሮስኮፑ ማየት ፈለጉ። ሻጋታው ሥሩን ቀለም ነከረላቸው፤ እጃቸው ስለማይረጋም ጣቴ ከጎናቸው ሆና አዞረችላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ይሄንንም ስገድል ኖሬአለሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያባብላቸው ነበር። ሻጋታው ግን «ይሄንንም ገድለዋል፣ ጋሼ» አለ። «ያንን ሥር አበስባሹን ባይገድሉት ኖሮ ደግሞ ዛሬ ይህ ጣቢያ አይኖርም ነበር።»

አባትየው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን፣ ለዚህ ልጅ የሚበላ ነገር የለም ወይ ብለው ጠየቁ። «ልጅ» ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር።

በአዝመራው፣ ያለ እርሾው መስመር ሁለት ጆንያ በሞላበት ርዝመት፣ ባለ እርሾው ሦስት ተኩል ሞላ። ገበሬዎቹ ከበው ሲያሞግሱት፣ ይህ አንድ ማሳና አንድ ወቅት ብቻ መሆኑን፣ ሌላ ቦታ ልዩነቱ ሊያንስም እንደሚችል እየደጋገመ ነገራቸው። ሊቀመንበሯ፣ ሰውየው በሰርጉ ቀን ሙሽራዋን ሲያሞግሳት እንኳ «አንድ ቀን ብቻ ነው ያየኋት» ይላል ብላ አሳቀችበት። ጣቴ ጆንያ ለመስፋት ጎንበስ አለች፤ ፊቷን መደበቂያ ሌላ ቦታ አልነበረም።

የሚፈራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተቋሙ በውጤቱ ደስ ብሎት ሻጋታውን የአንድ ትልቅ ጣቢያ ኃላፊ ሊያደርገው አሰበ። ጣቢያው የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። ዜናውን ሊነግራት ሲመጣ ጣቴ አስቀድማ ሰምታ ነበር። አባቷን ትታ እንደማትሄድ ከራሷ ጋር ከተስማማች ቆይታለች። እናም ገና አፉን ሲከፍት «ሂድ» አለችው። «ይገባሃል። ከማንም በላይ ይገባሃል።»

«ልጨርስ» አላት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አልቀበልም ብያቸዋለሁ። እርሾውን እዚህ፣ በእናንተ ጣቢያ እያባዛን ለገበሬው እንድናዳርስ ጠይቄ ተስማምተዋል። ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፤ ሥራው ግን የምወደው ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ልወስድሽ አልመጣሁም። ልቆይ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነው። አብረን እንድንኖር።»

ጣቴ ግን የዋዛ ልጅ አልነበረችም። አንድ ቀን፣ ያንን ትልቅ ቦታ ባስታወሰ ጊዜ፣ ይቆጨው እንደሆነ ጠየቀችው።

«አላውቅም» አለ። «ዛሬ አይቆጨኝም። የዛሬ አሥር ዓመት የሚሰማኝን ዛሬ አውቃለሁ ብልሽ ይሆን የምታምኚኝ?»

ሦስት ቀን ስጠኝ አለችው። ሰጣት።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራችም። በሁለተኛው ቀን አባቷ አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ የሚሏትን ሁሉ ለማለት ሲሞክሩ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ አሏት። «እንቢ የምትይ ከሆነ ስለማትወጂው በይ። እሺ የምትይም ከሆነ ስለምትወጂው በይ። እኔን በሁለቱም በኩል ሰበብ አታድርጊኝ።» እናቷ ደግሞ የጣቴን ሰማያዊ ቀሚስ ሳትጠየቅ ተኩሳ አልጋዋ ላይ አኖረችው።

በሦስተኛው ቀን ጣቴ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ከተማ ሄደች። ያን ሁሉ ጊዜ የሚመጣው እሱ ነበር፤ እሷ የሥራ ቦታውን አይታው አታውቅም። ተቋሙ ባለ አራት ፎቅ ነው፤ የእሱ ክፍል አራተኛው ላይ። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆመች። ኮሪደሩ አሲድና እርጥብ አፈር ይሸታል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ሻጋታው በነጭ ካፖርት ሆኖ ቧንቧው ሥር ብርጭቆ እያጠበ ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀራት ሴትዮ፣ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጣ መዝገብ ትጽፋለች።

ዞር ሲል አያት።

«መልሱን ይዤ መጣሁ» አለች ጣቴ።

«እሺ» አለ።

«የመጣሁት ግን አንተ ስለቆየህልኝ አይደለም። ብትሄድም ኖሮ እወድህ ነበር። ስለምወድህ ነው እሺ የምልህ።»

ሰውየው ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ያንኑ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ካጠበው በኋላ አሁንም ደገመው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጣቴ ከበሩ ሆና አየችውና ገብታ አጠገቡ ቆመች። እርጥብ እጁን ያዘችው። ውሃው በሁለቱም እጅጌ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ተነሥታ መጥታ በመካከላቸው እጇን አሳለፈችና ቧንቧውን ዘጋችው። መዝገቧን በብብቷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ቀስ አድርጋ ገጠመችላቸው።